ያሳመመን ፈንገስ ከየት መጣ? የበሽታ ምንጭን በዘረ መል ስለማፈላለግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጥያቄ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፈንገስ ሲባል ቋቁቻና ጭርት አይደለም እንዴ? ምኑ ያስፈራል?

ቋቁቻም ጭርትም ፈንገስ ናቸው። ግን ቆዳ ላይ ይቀራሉ፤ ያሳክካሉ፣ ቢበዛ ያሳፍራሉ። እዚህ የምናወራው በትንፋሽ ሳንባ ስለሚገቡት፣ አንዳንዴም ከሳንባ አልፈው አንጎል ስለሚደርሱት ነው። ከነዚህ ውስጥ እኛን በይበልጥ የሚመለከተን ክሪፕቶኮከስ ነው። እርሾ ነው፤ የጠላና የዳቦ እርሾ የሩቅ የሩቅ ዘመድ። የሰውነት መከላከያ ሲዳከም፣ በተለይ ኤችአይቪ ሳይታከም ሲቆይ፣ ማጅራት ገትር ያመጣል። በ2020 ግምት በዓለም ላይ በዓመት ወደ 112,000 ሰው ይገድላል፤ አብዛኛው ደግሞ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል ያላቸውን 19 ፈንገሶች ሲዘረዝር፣ እጅግ አሳሳቢ በሚለው ክፍል አራት ነው ያስገባው። አንዱ ይኸው ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ ነው። ከቀሩት ውስጥ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስና ካንዲዳ ኦሪስ ከታች ይመጣሉ።

ከታመመ ሰው ይይዘኛል?

ክሪፕቶኮከስ ከሆነ አይዝህም። አብረህ ብትበላ፣ አልጋው አጠገብ ብታድር፣ ቢያስልብህም። የዚህ ሁሉ ምርምር መነሻም እሱ ነው። ቲቢ ቢሆን "ማን አስያዘው?" ብለን ሰው እንፈልጋለን። እዚህ ግን አስያዡ ሰው አይደለም፤ ዛፍ፣ አፈር፣ የወፍ ኩስ፣ የተበከለ መድኃኒት ወይም ከመሬት የተነሳ አቧራ ነው። እነዚህን ደግሞ ጠርቶ መጠየቅ አይቻልም።

ለየት የሚለው ካንዲዳ ኦሪስ ነው፤ እሱ ሆስፒታል ውስጥ ከታካሚ ወደ ታካሚ በእጅና በዕቃ ይተላለፋል።

"ምንጩን በዘረ መል መፈለግ" በቀላል አማርኛ ምን ማለት ነው?

የብራና ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አስቡ። መቶ ሃምሳውን መዝሙር ጽፎ ሲጨርስ አንድ ሁለት ቦታ ፊደል መሳቱ አይቀርም። ከሱ ቅጂ ላይ የሚገለብጠው ሌላው ጸሐፊ ያንኑ ግድፈት ይዞ ይሄዳል፣ ከራሱም ይጨምራል። ከዘመናት በኋላ ሁለት ዳዊቶች ጎን ለጎን ተዘርግተው ያው ስህተት ያው ቦታ ላይ ከተገኘ፣ ከአንድ እናት ቅጂ እንደወጡ ትጠረጥራላችሁ። እንዲህ ያለ የጋራ ግድፈት ደግሞ በበዛ ቁጥር ጥርጣሬው ወደ እርግጠኝነት ይጠጋል።

ፈንገስም ራሱን ሲያባዛ ዘረ መሉን ይገለብጣል፣ አልፎ አልፎም ይሳሳታል። የክሪፕቶኮከስ ሙሉ ዘረ መል ወደ 19 ሚሊዮን ፊደል ነው። ከታማሚው የጀርባ ፈሳሽ የተገኘው ፈንገስ ይነበባል፣ ከዛፉ የተገኘውም ይነበባል፣ ከዚያ ልዩነታቸው ይቆጠራል። ድሮ መሣሪያው ውድ ስለነበር የሚነበቡት ጥቂት ዘረ መሎች ብቻ ነበሩ፤ ለክሪፕቶኮከስ በዓለም ደረጃ የተስማሙባቸው ሰባት ቦታዎች ናቸው። ሰባት መስመር አንብቦ ስለ ሙሉው መጽሐፍ እንደመፍረድ ነው። ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፣ አንዳንዴ ያሳስታል። አሁን መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ ይነበባል።

ከዛፍ ላይ ፈንገስ እንዴት ይያዛል? በዓይን ይታያል?

እንጉዳይ አይደለም፣ በዓይን አይታይም። ጫፏ ላይ ጥጥ የተጠቀለለባት ዘንግ ታረጥቡና የግንዱን ስንጥቅ፣ በተለይ እንጨቱ የበሰበሰበትን ፍልፍል፣ በደንብ ትጠርጋላችሁ። ሥሩ አካባቢ ካለው አፈርም ትንሽ ትዘግናላችሁ። እስከዚህ ድረስ ማንም ይችለዋል። ጣጣው ቀጥሎ ነው፤ አንድ ግንድ ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ሻጋታና ባክቴሪያ አለ፣ ሁሉም ላብራቶሪው የሚያበቅልበት ሳህን ላይ ይበቅላል፣ የምትፈልጉት ግን አንዱን ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛው ኑግ ብቅ የሚለው። አዎ፣ ዘይቱን የምንጨምቀው ኑግ። በ1962 ሽታይብ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ክሪፕቶኮከስን ኑግ በተቀላቀለበት አጋር (ሳህኑ ላይ የሚረጋ፣ ፈንገስ የሚበቅልበት ዝልግልግ ነገር) ላይ ሲያበቅለው ቡናማ ሆኖ አገኘው። ኑግ ውስጥ ካፌይክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ ክሪፕቶኮከስ እሱን ወስዶ ሜላኒን፣ ማለትም ጥቁር ቀለም፣ ይሠራበታል። ሳህኑን ከጥቂት ቀን በኋላ ስትከፍቱት ሌላው እርሾ ነጭና ክሬም መስሎ ተቀምጦ የሱ ነጠብጣቦች ብቻ ቡና የፈሰሰባቸው ይመስላሉ። ዛሬም ብዙ ላብራቶሪ የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። የኑግ የሳይንስ ስሙ ራሱ "ጉይዞቲያ አቢሲኒካ" ነው። እኔ ይህን ሳውቅ ለአንድ ሳምንት ያላወራሁት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቡናማዎቹ ተለቅመው ሌላ ሳህን ላይ ይዘራሉ። ያ ሳህን ወደ ሰማያዊ ከተቀየረ ክሪፕቶኮከስ ጋቲ የሚባለው ነው፤ ካልተቀየረ ኒዮፎርማንስ። ዘረ መል ማንበቡ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

የ13 ዓመት ልጅ የሎስ አንጀለስን ዛፎች አጋለጠች የሚባለው እውነት ነው ወይስ የፌስቡክ ወሬ?

እውነት ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች ላይ ክሪፕቶኮከስ ጋቲ ይገኝ ነበር፤ ከየት እንደሚይዛቸው ግን የሚያውቅ አልነበረም። አባቷ የተላላፊ በሽታዎች ተመራማሪ የሆነ አንዲት ተማሪ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ሥራ የሚሆን ነገር ስትፈልግ ይህ ተነገራት። በሎስ አንጀለስና አካባቢዋ እየዞረች ከ30 በላይ ከሆኑ የዛፍ ዝርያዎች 109፣ ከአፈር ደግሞ 58 ናሙና ሰበሰበች። የበቀለው ወደ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተልኮ ተነበበ። ውጤቱ በነሐሴ 2014 ሲታተም የልጅቷ ስም ከሳይንቲስቶቹ መሀል ነበር።

ጋቲው የተገኘው በሦስት የዛፍ ዓይነቶች ላይ ነው፦ የካናሪ ደሴቶች ፓይን፣ ፖሁቱካዋ የሚባለው የኒውዚላንድ ዛፍ፣ እና ስዊትገም። ሦስቱም ከተማዋ ውስጥ ለጌጥና ለጥላ የሚተከሉ ናቸው። ከነዚህ የተገኘው ፈንገስ ከ10 እስከ 12 ዓመት ቀደም ብሎ ከታማሚዎች ተወስዶ ፍሪዘር ውስጥ ከቆየው ጋር ሲተያይ የአንዳንዱ ዘረ መል አንድ ነው ለማለት ምንም አልቀረውም። ማለትም ያ ፈንገስ እነዚያን ሰዎች ካሳመመ አሥር ዓመት ያህል ሆኖት፣ ያኔም ግን መንገድ ዳር ዛፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ፌርፋክስ ጎዳና ትንሿ ኢትዮጵያ አካባቢ የምትኖሩ፣ ከዚህ ተነስታችሁ ከዛፍ ሥር መቀመጥ አትተዉ። በከተማዋ ያለ ብዙ ሰው ሊተነፍሰው ይችላል፤ የሚታመመው ጥቂቱ ነው፣ እሱም በአብዛኛው መከላከያው የተዳከመ።

ባህር ዛፍ ነው የሚያመጣው ይባላል። ግቢዬ ውስጥ አለኝ፣ ልቁረጠው?

አትቁረጠው። የወሬውን ምንጭ ግን ልንገርህ፣ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ1990 አውስትራሊያ ውስጥ ኤሊስና ፋይፈር የተባሉ ተመራማሪዎች ጋቲን ለመጀመሪያ ጊዜ ከተፈጥሮ ሲያገኙት፣ ያገኙት እኛ ቀይ ባህር ዛፍ የምንለው ላይ ነው። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ዛሬ አገሩን ሞልቶታል። ስለዚህ "ዛፉ ሲመጣ ፈንገሱንም ይዞት መጣ" የሚለው ሐሳብ የብዙ አገር ተመራማሪዎችን ለዓመታት ሲያሳስብ ቆይቷል።

ከዚያ ወዲህ ግን ፈንገሱ በብዙ ዓይነት ዛፎች ላይ ተገኘ። ዋናው ነገር የዛፉ ስም ሳይሆን የበሰበሰ እንጨት ያለው ፍልፍል መሆኑ ነው የሚመስለው። ሎስ አንጀለስ ባህር ዛፍ ሞልቷታል፤ ከላይ ከጠራኋቸው ሦስት ዛፎች ውስጥ ግን ባህር ዛፍ የለም። አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ኤችአይቪ ያለበትን ሰው የሚያሳምመው አብዛኛውን ጊዜ ጋቲው ሳይሆን ኒዮፎርማንስ ነው። አንድ ዛፍ ላይ ፈንገስ መገኘቱ ብቻውን "እዚያ አለ" ከማለት አያልፍም። ሰውን ያሳመመው ያ ነው ለማለት የታማሚው ናሙና ከጎኑ ተነብቦ መግጠም አለበት። ባህር ዛፍህን የምትጠላው ውሃ ስለሚጠጣብህ ከሆነ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

እርግብስ? ጎረቤቴ ጣሪያ ላይ መቶ እርግብ አለው።

የእርግብ ኩስ እውነተኛ ተጠርጣሪ ነው። አሜሪካዊው ኤመንስ በ1955 ኒዮፎርማንስን በብዛት ያገኘው እዚያ ውስጥ ነው። እርግቡ ራሱ አይታመምበትም ማለት ይቻላል፤ የሰውነቱ ሙቀት ከፍ ያለ ነው። ደርቆ የተከመረው ኩስ ግን ለፈንገሱ ምቹ መኖሪያ ነው።

ዘረ መሉ ሲነበብ የመጣው ታሪክ ደግሞ ከእርግብ ይርቃል። በደቡባዊ አፍሪካ፣ ቦትስዋናና ዛምቢያ አካባቢ፣ ሞፓኔ የሚባል ዛፍ አለ። እዚያ ዛፍ ላይ የተገኘው ኒዮፎርማንስ በዓይነቱ እጅግ የበዛ ነው፤ በዓለም ዙሪያ በእርግብ ኩስ ውስጥ የሚገኘው ግን እርስ በርሱ በጣም ተመሳሳይ ነው። ቅጂው የሚበዛውና የሚለያየው ብዙ ዘመን በኖረበት ቦታ ነው። ከዚህ ተነስተው አንዳንድ ተመራማሪዎች ፈንገሱ መነሻው አፍሪካ ሳይሆን አይቀርም፣ ዓለምን ያዳረሰው ግን ከእርግብ ጋር ነው ይላሉ። መላምት ነው፣ ግን ደስ ይላል።

ለጎረቤትህ ጣሪያ፦ ደረቁን ኩስ በመጥረጊያ አታቦንነው። ውሃ አርከፍክፍበት፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ ከዚያ አንሳው። ኤችአይቪ ያለበት ወይም የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ይተወው።

ስንት ፊደል ቢለያዩ ነው "አንድ ናቸው" የሚባለው?

ሁሉም የሚጠይቀው ይህን ነው፤ መልሱ ደግሞ እንደ ፈንገሱ ነው። "99 በመቶ ይመሳሰላሉ" የሚል ዜና ካያችሁ እለፉት። ከ19 ሚሊዮን ፊደል ላይ አንድ በመቶ ማለት 190,000 ልዩነት ነው፤ በዚህ ሥራ ያ ቅርብ አይባልም።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ2012 አሜሪካ ውስጥ የሆነው ነው። ለጀርባ ሕመም አከርካሪ አጠገብ የሚወጋ የስቴሮይድ መድኃኒት ማሳቹሴትስ ውስጥ ሲቀመም በሻጋታ ተበከለ። በ20 ስቴቶች 753 ሰው ታመመ፣ 64ቱ ሞቱ። ሻጋታው ኤክሴሮሂለም ነው፤ በተለምዶ ሣርና እህል ላይ የሚኖር፣ ሰው ላይ እምብዛም የማይታይ። ከታማሚዎቹና ካልተከፈቱ ብልቃጦች የተገኘው ሲነበብ ልዩነቱ ቢበዛ ሁለት ፊደል ሆነ። ከሌላ ቦታ የመጣው የዚያው ዓይነት ሻጋታ ግን በብዙ ይለያል። ለንጽጽር የሚሆን "ሌላ" ከሌለ ሁለት ፊደል ትንሽ ይሁን ብዙ በምን ይታወቃል? ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። የአካባቢውን ልዩነት የሚያሳይ ናሙና ሳይሰበሰብ "ገጠመ" ማለት ባዶ ነው።

ከገጠመ አለቀ ማለት ነዋ? ያ ዛፍ ነው ያሳመመው?

አላለቀም። ካናዳን እንይ። ቫንኩቨር ደሴት ላይ ከ1999 ጀምሮ ጋቲ ሰው ማሳመም ጀመረ፤ ያውም ብዙዎቹ ምንም የመከላከያ ችግር ያልነበረባቸው። ሰው ብቻ አይደለም፣ ውሻም ድመትም የባሕር እንስሳም ሞተ። ከዚያ በፊት ይህ ፈንገስ የሞቃት አገር ነው ተብሎ ነበር የሚታወቀው። ዛፎቹ ተፈተሹ፣ ተገኘ፣ ዘረ መሉም ከታማሚዎቹ ጋር ገጠመ።

ግን ደሴቱ ላይ ያለው አብዛኛው ፈንገስ ራሱን ብቻውን እያባዛ የተስፋፋ፣ የአንድ እናት ልጅ ነው። ሁሉም ዛፍ ላይ ያለው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ስለዚህ የታማሚው ፈንገስ ከዚህ ዛፍ ጋር ገጠመ ማለት ከሌሎቹም ጋር ይገጥማል ማለት ነው። "ከደሴቱ ነው የያዘው" ማለት ትችላላችሁ፣ "ከዚያኛው ዛፍ ነው" ማለት ግን አትችሉም። ሎስ አንጀለስ ላይ ያለው ደግሞ እርስ በርሱ የተለያየ ስለሆነ እዚያ መግጠም የበለጠ ክብደት አለው። የደሴቱ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ዩኒፎርም በለበሰበት ትምህርት ቤት ውስጥ ልጅን በሹራቡ ቀለም እንደመለየት ነው።

በዚያ ላይ ቀኑ አለ። ደሴቷን ለአጭር ጊዜ ጎብኝተው የሄዱ ሰዎች የታመሙት ከ2 እስከ 11 ወር ቆይተው ነው። ናሙና ሰብሳቢው ዛፉ ጋ ሲደርስ ሰውየው ከተነፈሰው ዓመት ሊሞላው ይችላል።

ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ከታመመ ምንጩ አንድ ነው ማለት አይደለም?

ሁልጊዜ አይደለም፣ ጆፕሊን ምስክር ናት። በግንቦት 2011 ሚዙሪ ያለችውን ይህችን ከተማ ከባድ አውሎ ነፋስ መታት። ከቆሰሉት ውስጥ 13 ሰዎች ቁስላቸው ውስጥ አፖፊዞማይሲስ የሚባል ሥጋ የሚያበሰብስ ሻጋታ ገባ፤ አምስቱ ሞቱ። ይህን ያህል ሰው በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰሞን። ማንም ቢሆን አንድ የተበከለ ነገር አለ ይላል፤ ምናልባት ሆስፒታሉ፣ ምናልባት ፋሻው።

ሲነበብ ግን አራት የተለያዩ ዘሮች ሆኑ። አንድ ምንጭ የለም። ነፋሱ አፈርና እንጨት እያነሳ ሰው ሥጋ ውስጥ ከተተው፣ ከየቦታው የነበረው ሻጋታ አብሮ ገባ፤ በቃ። እንግዲህ ዘረ መል ማንበብ ጥፋተኛ ለማግኘት ብቻ ሳይሆን ያላጠፋውን ሰው ነፃ ለማውጣትም ይሆናል። ለእኔ ይኼኛው ይበልጣል።

ፊኒክስ ነው የምኖረው። ሳሉ ቲቢ ነው ተባልኩ፣ በኋላ ፈንገስ ሆነ። ይህ ከምን መጣ?

ቫሊ ፊቨር ይሆናል። ኮክሲዲዮይድስ የሚባል ፈንገስ በአሪዞናና በካሊፎርኒያ ደረቅ አፈር ውስጥ ይኖራል፤ አቧራው ሲነሳ ይተነፈሳል። ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክሳት፣ ራጅ ላይ የሚታይ ጥላ። እኛ ደግሞ ከቲቢ አገር ስለመጣን ሐኪሙም እኛም ቀድመን የምናስበው ቲቢን ነው። ጥቁሮች ላይ ከሳንባ ወጥቶ የመሰራጨት ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ሳሉ ካልለቀቃችሁ "ቫሊ ፊቨርም ይታይልኝ" በሉ። የደም ምርመራ አለው።

ፈንገሱ ከሚታወቅበት ሠፈር ውጭም መውጣቱን ያረጋገጠው ዘረ መል ነው። በ2010 እና 2011 ከአገሩ ሰሜን፣ በዋሽንግተን ስቴት ደረቅ ክፍል ሦስት ሰዎች ታመሙ። ቀድሞ ቢሆን "አሪዞና ሄደህ ነበር?" ተብሎ ይዘጋ ነበር። አፈሩ ተቆፍሮ ሲመረመር ግን ፈንገሱ እዚያው ተገኘ፣ ከአንዱ ታማሚ ጋርም በዘረ መል አንድ ሆነ። በሽታው የአገሩ ሆኖ ተመዘገበ።

አሜሪካ አሥር ዓመት ኖሬ ክሪፕቶኮከስ ከያዘኝ፣ የያዘኝ አሜሪካ ነው አይደል?

ላይሆን ይችላል። በ1999 ከፈረንሳይ የወጣ ጥናት አለ። ፈረንሳይ ውስጥ የታመሙ ዘጠኝ የአፍሪካ ተወላጆች ፈንገሳቸው ከአውሮፓውያን ታማሚዎች ጋር ተነጻጸረ። የነሱ ከአውሮፓው አልገጠመም፤ እርስ በርሱ ገጠመ። ሰዎቹ ግን ፈረንሳይ ከገቡ በመካከለኛ ስሌት 110 ወር፣ ማለትም ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ፈንገሱን ከአገራቸው ይዘውት መጥተው፣ ሳንባቸው ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ፣ መከላከያቸው ሲወርድ ነቃ ማለት ነው። ልክ እንደተኛ ቲቢ።

ስለዚህ ታማሚው አሁን የሚኖርበትን ሠፈር ዛፍ ሁሉ ብትጠርጉ ምንጩን ላታገኙት ትችላላችሁ። ሐኪም "የት ነው ያደግከው?" ብሎ ሲጠይቅ ወሬ ፈልጎ አይደለም።

ለዋግ የሚረጨው መድኃኒት ከሰው ፈንገስ ጋር ምን አገናኘው?

ይህን የሚጠይቁት የግብርና ሰዎች ናቸው፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። አርሲና ባሌ ላይ ስንዴውን ዋግ ሲመታው የሚረጩት እንደ ቲልት ያሉ መድኃኒቶች አዞል ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። ሆስፒታል ውስጥ ለሰው የሚሰጡት ኢትራኮናዞልና ቮሪኮናዞልም ከዚያው ቤት ናቸው። አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ደግሞ ብስባሽ ውስጥ የሚኖር ሻጋታ ነው፤ ሁላችንም በየቀኑ ዱቄቱን እንተነፍሳለን። በእርሻው መድኃኒት የለመደው ሻጋታ የሆስፒታሉንም ይቋቋማል። ሆላንድ ውስጥ መድኃኒቱን የለመደው በብዛት ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ የአበባ ኮረት ቆሻሻ ክምር ነው።

ዘረ መሉ እዚህ ምን ሠራ? በ2022 በታተመ ጥናት ከእንግሊዝ፣ ዌልስ፣ ስኮትላንድና አየርላንድ የመጡ 218 ናሙናዎች ተነበቡ፤ ከሰውም ከአካባቢም። ስድስት ጥንድ ላይ የታማሚው ሻጋታና የአካባቢው ሻጋታ አንድ ለመሆን ምንም አልቀራቸውም። ሰዎቹ መድኃኒት የማይበግረውን ከአካባቢያቸው መተንፈሳቸውን ይህ ያሳያል። መድኃኒቱ እዚያው ሰውነታቸው ውስጥ ሳለ ለምዶት ነው የሚለው ለነሱ አይሠራም።

በዚህ ተነስቶ ገበሬውን "አትርጭ" ማለት አላዋቂነት ነው። ዋግ የገባበትን ማሳ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ሐኪሙና የግብርና ባለሙያው ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የሚያወሩበት ነገር መሆን አለበት፤ ለሰው ሊወጣ የታሰበ አዲስ መድኃኒት በዚያው ሰሞን ዘመዱ ለእርሻ እንዳይፈቀድ።

ምንጩ ሁልጊዜ ይገኛል?

አይገኝም። ካንዲዳ ኦሪስ በ2009 ጃፓን ውስጥ ከአንዲት ሴት ጆሮ ተገኝቶ ተሰየመ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በደቡብ እስያ፣ በምሥራቅ እስያ፣ በደቡብ አፍሪካና በደቡብ አሜሪካ ሲነበብ አራት ዘሮች ሆነው ተገኙ፤ በየዘሩ ውስጥ ያሉት መንትያ የሚመስሉ፣ በዘሮቹ መሀል ያለው ልዩነት ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር። ማለትም አንዱ ከአንዱ አገር አልሄደም፤ በአንድ ሰሞን በየቦታው ብቅ አሉ። ለምን? በ2021 ሕንድ አንዳማን ደሴቶች ላይ ከጨዋማ ረግረግና ከባሕር ዳር መገኘቱ ተዘገበ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል እንዴት እንደመጣ ግን አሁንም ክርክር ነው። የዓለም ሙቀት መጨመር ፈንገሱን የሰውነታችንን ሙቀት አስለመደው የሚሉ አሉ።

ቫንኩቨር ላይ ያለውም እንዲሁ። በ1964 አላስካ ላይ የደረሰው ርዕደ መሬት ያስነሳው ሱናሚ የወደብ ውሃ ውስጥ የነበረውን ፈንገስ ወደ ጫካ አወጣው የሚል ሐሳብ በ2019 ቀርቧል። ዘረ መሉ ስለ ዘመኑ የሚሰጠው ግምት አይቃረነውም። ያን ቀን እዚያ ቆሞ ያየ ግን የለም።

የእኔን ፈንገስ ማስነበብ እችላለሁ? ሕክምናዬን ይለውጠዋል?

ኢትዮጵያ ውስጥ ዘረ መል ማንበቢያ መሣሪያ አለ፤ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በኮቪድ ጊዜ ቫይረሱን አንብበዋል። ግን ለአንተ ሕክምና ይህ አያስፈልግም። ክሪፕቶኮከሱ ከዛፍ ይምጣ ከእርግብ መድኃኒቱ ያው ነው። ምንጭ ፍለጋ የሚጠቅመው ብዙ ሰው ባልተለመደ መንገድ ሲታመም፣ ወይም መድኃኒቱ መሥራት ሲያቆም ነው።

ለአንተ የሚያስፈልገው ርካሹ ምርመራ ነው። ኤችአይቪ ካለብህና ሲዲ ፎርህ (በደምህ ያለው የመከላከያ ሕዋስ ቁጥር) ከ200 በታች ከወረደ፣ በተለይ ከ100 በታች፣ የክሪፕቶኮከስ አንቲጂን ምርመራ ጠይቅ። ጠብታ ደም፣ እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለች ወረቀት፣ አሥር ደቂቃ። ሁለት መስመር ከወጣ ራስ ምታቱ ሳይጀምርህ ፍሉኮናዞል ይጀመርልሃል፤ ከዚያ በፊት ግን ወደ አንጎል አለመድረሱ በጀርባ ፈሳሽ ይታያል። መርፌው ያስፈራል፣ አውቃለሁ። አስደርገው።